ከኩይሳው እስከ ኛቦል ደጃፍ

እኔ ሥራዬ ሰንጠረዥ ነው። ሰው ሲታመም አላይም፣ ሲድንም አላይም፤ ቁጥሩን ነው የማየው። ጋምቤላ ከመጣሁ ጀምሮ የምሠራው ራቅ ባሉ ቀበሌዎች ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ከተማ ካለ ሐኪም ጋር በስልክ የሚያገናኝ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ለየጤና ኬላው አንድ ታብሌትና አነስ ያለች የፀሐይ ፓኔል ይሰጣል። ሠራተኛዋ ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥማት ትደውላለች፤ ሐኪሟ ትመክራታለች፣ ካስፈለገም መኪና ወይ ጀልባ ትልክላታለች። እኔ ደግሞ ማን ደወለ፣ የማን ጥሪ ተሟላ፣ የማን ተቆረጠ የሚለውን ከሲስተሙ አውጥቼ ቀለም እቀባዋለሁ። የሚጠቀም አረንጓዴ፣ የማይጠቀም ቀይ። ቢሮ ውስጥ "አቶ ዳታ" ነው የሚሉኝ። ዳዊት የሚለኝ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር።

ያን ክረምት ከኢታንግ ወዲያ፣ የባሮን ወንዝ ተከትላ ያለች አንዲት ቀበሌ ቀይ እንደሆነች ከረመች። ስሟን አልጠራም፤ የራሳቸው ሐዘን ይበቃቸዋል። ከዚያ የሚመጣው ጥሪ ተጀምሮ ወዲያው ይቆረጣል። በስብሰባ ላይ "እነዚህ እየነካኩ ይተዉታል እንጂ አይጠቀሙበትም፤ ዕቃው ለሚጠቀም ይሰጥ" ተባለ። ዕቃውን ነቅሎ የሚያመጣ ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ማን ይናፍቅሃል? ሂድ! ተባልኩ። ሄድኩ።

ከኢታንግ በገበያ ጀልባ ነው የተሳፈርኩት። ባለጀልባው ከቀትር በፊት ዳር ላይ አወረደኝና "ነገ ጠዋት ስመለስ እዚሁ ጠብቀኝ፤ ካጣሁህ ጥዬህ ነው የምሄደው" ብሎኝ ቁልቁል ቀጠለ። የተቀበለኝ መምህር ቾል ይባላል። የቀበሌው ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ጋምቤላ ስለተማረ አማርኛው ውሃ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው።

"ማሽን ልትወስድ የመጣኸው አንተ ነህ?" አለኝ እጄን ሳይለቅ።

"ማን ነገረህ?"

"ኢታንግ ወንድም አለኝ፤ ደወለልኝ። ለክፉ ወሬ ኔትወርኩ ይሠራል" አለና ሳቀ። እኔም እያፈርኩ ሳቅኩ።

ወደ ጤና ኬላው ስንሄድ አንድ ወጣት ከፊታችን ይመጣ ነበር። ድንገት መንገዱን ለቆ ከቁመቱ የሚበልጠው ሣር ውስጥ ገባና ጀርባውን ሰጠን። ትንሽ ቆይቶ ከእኛ ኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እንስራ ተሸክመው አለፉ። እሳቸውም ወደ እሱ ዞር አላሉም።

"ምነው፣ ተጣልተዋል እንዴ?" አልኩ።

"ኧረ! አማቱ ናት" አለ ቾል። "እኛ ኑዌሮች አማታችንን እናከብራለን። ፊት ለፊት አናያትም፣ ፊቷ አንበላም፣ የሚያሳፍር ነገር ፊቷ አናነሳም። እሷም እንደዚያው። ጋትሉዋክ ይባላል፤ ሚስቱ ኛቦል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ናት። በኛ ወግ የመጀመሪያው ልጅ የሚወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ እሱ እዚህ አካባቢ ሲዞር ይውላል፤ ካማቱ ሲደበቅም ይውላል!"

"ጥሩ ነው፤ እኛም አገር ቢለመድ ስንቱ ሰው በተረፈ" አልኩት። ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ያ ሳቅ እስከዛሬ ይጎረብጠኛል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማርታ ገና ልጅ እግር ናት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ታብሌቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ፓኔሉን ወልውላ ጠበቀችኝ። "ይኸው፣ ውሰደው" አለች። ታብሌቱን ከፈትኩት፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

"እዚህ አይሠራም እኮ" አለችኝ። "ኩይሳው ላይ ነው የሚሠራው።"

ወስደው አሳዩኝ። ከመንደሩ ወጥቶ፣ ውሃ የተኛበት ሣራማ ሜዳ ተሻግሮ፣ ምስጥ የሠራው ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ኩይሳ አለ። እሱ ላይ ሲወጡ ኔትወርክ ብቅ ይላል፤ ሲወርዱ ድርግም። ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል።

"ታዲያ ሕመምተኛው እዚያ ቤት፣ ስልኩ እዚህ፤ እንዴት ትሆናላችሁ?"

"ሰው እንተክላለን" አለ ቾል።

ማርታ ሕመምተኛውን አይታ፣ ሜዳውን አቋርጣ ኩይሳው ላይ ትወጣለች። ከኩይሳው እስከ ሕመምተኛው ደጃፍ ድረስ ሰው ተራርቆ ይቆማል። ሐኪሟ የምትጠይቀውን ማርታ ስትጮህ የመጀመሪያው ይቀበላል፣ ለሁለተኛው ይጮሃል፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ደጃፍ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከብት ሲጠፋ፣ ወንዝ ሲሞላ ድሮም እንዲህ ነው የሚጠራሩት። ከደጃፉ የሚመጣው መልስ እስኪደርስ ግን ስልኩ ላይ ዝምታ ይሆናል። ሲስተማችን ደግሞ ዝም ያለ ጥሪ ሰው የተወው ይመስለውና ይዘጋዋል።

ክው አልኩ። ቀይ ያደረግናቸው ስለማይጠቀሙበት አልነበረም። አንድ ሙሉ መንደር ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲጮህ ነው የከረመው። ያ ሁሉ ጩኸት እኔ ጋ ሲደርስ "ያልተሟላ ጥሪ" ይባላል።

"ዕቃው አይነሳም!" አልኩ እዚያው ኩይሳው ሥር። "ማንም አይነካውም! እኔ አለሁ!" ማርታ ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ወደ መንደሩ ከተመለስን ብዙም አልቆየን፤ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። ኛቦል ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ደህና ናት፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም ብሏል። ማርታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች፤ እኛም ተከተልናት። ጥቂት ቆይታ ከቤቱ ወጣችና ታብሌቱን እጄ ላይ አኖረችው።

"አንተ ኩይሳው ላይ ሁንልኝ" አለች። "አማርኛውንም ማሽኑንም ታውቃለህ። ሁልጊዜ እጄን ከሕመምተኛ ላይ አንስቼ ነው የምሮጠው። ዛሬ እንኳ ከአጠገቧ አልለይ።"

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ልጠቅም ነው ብዬ ያንን ጭቃ እየዘለልኩ ነው የተሻገርኩት። ያን ቀን እኔ ባልኖር ግን ማርታ ራሷ ኩይሳው ላይ ትወጣ ነበር። ያየችውን በገዛ አፏ ትናገር ነበር።

ቾል ሰው ተከለ። የዚያን ዕለት ብዙ ሰው የእርዳታ እህል ሊቀበል ኢታንግ ሄዷል፤ የቀረው ጥቂት ነው። ቾል ራሱ ከኔ ሥር ቆመ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ አንዲት ጎረቤት። አንድ ሰው ሲጎድል ጋትሉዋክ "እኔ እቆማለሁ" አለ። ሚስቱ ናት፣ ማን ይከለክለዋል? ደጃፉ ላይ ደግሞ፣ ወደ ውስጥ እየገቡ ከማርታ የሚቀበሉት የኛቦል እናት ሆኑ። ሣሩ ሰው ይውጣል፤ ከኩይሳው ላይ ሆኜ እንኳ ከሽማግሌው ወዲያ ማን ከማን ቀጥሎ እንደቆመ አይታየኝም ነበር።

ደወልኩ። ያን ቀን ተረኛዋ ዶክተር ሰላማዊት ነበረች።

"ዶክተር፣ ዳዊት ነኝ። ኩይሳ ላይ ሆኜ ነው።"

"ምን ላይ?"

ቶሎ ቶሎ አስረዳኋት። "ዝም ካልን ሲስተሙ ይዘጋናል፤ መልሱ እስኪመጣ የሆነ ነገር ያውሩኝ" አልኳት።

"ጉድ እኮ ነው! እሺ፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁልኝ፤ ማርታ ደም የሚያቆመውን ኪኒን ሰጥታታለች?"

ለቾል ነገርኩት። ቾል እጁን አፉ ላይ አድርጎ በኑዌርኛ ጮኸ። ድምፁ ሽማግሌው ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ራቅ ያለ የሴት ድምፅ፤ ከዚያ ምንም። ዶክተሯ እስከዚያ ስለ አከራይዋ ፍየል አወራችኝ፤ ከገመድ ላይ ካልሲዋን እያወረደች ትበላለች አለችኝ። እየሳቅኩ ሳለ መልሱ መጣ፤ "ሰጥታታለች!" ኩይሳው ላይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

"ጎበዝ!" አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ተለወጠ። "አሁን ስማኝ ዳዊት። ኢታንግ ያለችው ጀልባ አንድ ናት። ከማዶ እባብ የነደፈው ሰው ይዘው እየጠበቁኝ ነው። የኛቦል ደም ካልቆመ ጀልባዋን ወደ እናንተ እልካለሁ። ከቆመ ወደ ማዶ ትሄዳለች። በዚህ ነው የምወስነው። በደንብ ጠይቁልኝ፤ ደሙ ቆሟል ወይስ አልቆመም?"

ቃል በቃል ለቾል ነገርኩት። ቾልም አንድም ቃል ሳይጥል ጮኸ። ጥያቄው ሣሩ ውስጥ ገባ። ዶክተሯ ፍየሏን ቀጠለች፤ እኔም "እንዴ!"፣ "አይደረግም!" እላለሁ። ቆየ። በጣም ቆየ።

"እየበረታች ነው ይላሉ" አለ ቾል።

"ደሙን ነው የጠየቅኩት" አለች ዶክተሯ።

"ደሙን! ደሙን በላቸው!" ብዬ ጮህኩ። ቾል እንደገና ጮኸ፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። አሁንም ቆየ። ከወንዙ በኩል ደመና እየመጣ ነበር። የሽማግሌው ድምፅ ተመለሰ።

"ደህና ነው ይላሉ።"

"ደሙ ደህና ነው?"

"እንዲህ ነው ያሉት" አለ ቾል።

"እሺ። ጀልባዋን ወደ ማዶ ልኬያታለሁ። ማርታ ትከታተላት፤ የተለወጠ ነገር ካለ ወዲያው ደውሉ" ብላ ዘጋች።

ኩይሳው ላይ ቁጭ አልኩ። ኩራት ኩራት አለኝ። ለቢሮ የማቀርበውን ንግግር በልቤ እየደረደርኩ ሳለ ሣሩ ተሰነጠቀና ማርታ ወጣች። እጇ እስከ ክንዷ ደም ነው።

"ጀልባው የታለ?" አለች። "መጣ? ምን አሉ?"

ቾል "ደህና ነው አላችሁ እኮ" አላት።

"ማን ነው ደህና ነው ያለው? አልቆመም ነው ያልኩት! ደጋግሜ አልኩ፣ አልቆመም!"

ደወልኩ። ዶክተር ሰላማዊት የተናገረችው ይቅር። ማርታን ስልኩ ላይ አቅርባ የኛቦልን ማህፀን በሁለት እጇ እንዴት ጨምቃ እንደምትይዝ ነገረቻት። ማርታ እየሰማች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትደግማለች። ከዚያ ያንን ውሃ እየሰነጠቀች ተመልሳ ሮጠች። ጀልባዋ ማዶ ደርሳ የተነደፈውን ሰው ጭናለች፤ እሱን አውርዳ እስክትመለስ መጠበቅ ነው። ዶክተሯም እኔም ስልኩን አልዘጋንም። ስለ ፍየል ያወራ የለም። ዝም እንዳንል ብቻ "አለህ?" ትለኛለች፤ "አለሁ" እላታለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመንደሩ በኩል የሴቶች ጩኸት ተነሳ። ያንን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ቾል ውሃው ውስጥ እንደቆመ ፊቱን ሸፈነ። ዶክተሯም በስልኩ ሰምታዋለች። "አለህ?" አላለችኝም። የጀልባዋ ሞተር የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ዳር ተቀምጬ ጀልባዬን ስጠብቅ ጋትሉዋክ መጣ። ቾልን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ውሃውን እያየ ተናገረ። ቾል ይተረጉምልኝ ነበር።

"ጥያቄው እኔ ጋ ሲደርስ ዞር ብል ደጃፉ ላይ ያለችው አማቴ ናት" አለ። "ከዚያ በፊት አነጋግሬያት አላውቅም። ስለ ኪኒን መጠየቅ ቀላል ነበር። የልጇን ደም ግን በምን አፌ ልጥራው? 'እንዴት ናት?' አልኳት። እሷ ከማርታ የሰማችውን ሰምታለች። ግን እኔን አየችኝ። 'እየበረታች ነው' አለችኝ። እናት ለልጇ ባል እንዲህ ነው የምትለው። እንደገና 'ደሙን' ብለው ሲጮኹብኝ አንገቴን ደፋሁ። 'ደህና ነው?' አልኳት። 'ደህና ነው' አለች።" ከዚያ "ሚስቴን እኔ ነኝ የገደልኳት" አለ።

"አንተ አይደለህም" አልኩት፤ ቾልም ተረጎመው። እሱ ግን ውሃውን ማየቱን አልተወም። ጀልባዬ መጣ፤ ታብሌቱን ለማርታ ትቼ ተሳፈርኩ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ያቺ ቀበሌ አረንጓዴ ሆናለች። ዝም እንዳይል ስናወራው የነበረው ያ ጥሪ ሳይቆረጥ ስላለቀ ሲስተሙ "የተሟላ፤ ምክር ተሰጥቷል" ብሎ መዝግቦታል። በስብሰባው ላይ ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ሲበራ አለቃችን "እሰይ! አቶ ዳታ ሄዶ አነቃቅቷቸው መጣ" አለ። ጭብጨባም ነበረ። እኔ ተነሳሁና አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁን ነገርኳቸው። መጨረስ አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ። ዶክተር ሰላማዊት ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ የቀረውን እሷ ጨረሰችልኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ተለወጠ። ለየጤና ኬላው እየደወልን ማንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቅን፤ ሕመምተኛው የሚተኛው የት ነው? ስልኩ የሚሠራውስ የት ነው? በመሃሉስ ምን አለ? አንዷ ዛፍ ላይ ወጥታ ነው የምትደውለው። ሌላዋ ጅረት ተሻግራ፣ ሌላዋ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ። "ለምን እስካሁን አልነገራችሁንም?" ስንል "አልጠየቃችሁንም" ይሉናል። መልሳቸውን ካርታ ላይ አሰፈርን። የኔትወርክ ማጠናከሪያ አንቴና የት መተከል እንዳለበት የሚነግረን አሁን ያ ካርታ ነው። ሁሉም ጋ አልደረሰም፤ ገና ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጮህበት ቦታ አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ቁጥር ስትደምሩ የምትውሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰንጠረዣችሁ አረንጓዴ ሲሆን ቶሎ ደስ አይበላችሁ፤ መልሱ በማን አፍ አልፎ እንደመጣ ጠይቁ። ደግሞ ያንን ወጣት አትፍረዱበት። እኔ ያንን ወግ ለመርገም ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። መከባበራቸው ሰው ገድሎ አያውቅም ነበር። አማችና አማትን አቁመን እንዲህ ያለውን ነገር ተጠያየቁ ያልናቸው እኛ ነን፤ ስልካችን ቤታቸው ስለማይደርስ።

በበጋው አንቴናውን ከሚተክሉት ቴክኒሻኖች ጋር ወደዚያው ተመለስኩ። ሲያልቅ ማርታ ታብሌቱን ይዛ ከኛቦል እናት ቤት ውስጥ ሞከረችው፤ ሠራ። ሴትዮዋ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጋትሉዋክ ልጁን ሊያይ መጥቶ፣ እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሴትዮዋ ለቾል አንድ ነገር አሉት።

"ያቺ ሐኪም አሁን ትሰማኛለች ወይ ትላለች" አለኝ።

ዶክተር ሰላማዊትን ደወልኩላትና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሴትዮዋ ወደ ታብሌቱ አልተጠጉም። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው እንዲሰማ፣ በኃይል ጮክ ብለው ተናገሩ። ቾል ወደ ታብሌቱ ጠጋ ብሎ ለዶክተሯ ተረጎመላት።

"ደሙ አልቆመም ነበር ትላለች" አለ። "የልጄ ባል አልዋሸሽም፤ እኔ ነኝ ያልነገርኩት ትላለች።"